ቅንጣቷን አቁሞ መቁረጥ

«ሆዷ ውስጥ ምኑ ነው እምቢ ያለው?»

ታናሽ እህቴ ይህን የጠየቀችኝ በሆስፒታሉ የሕፃናት ክፍል ኮሪደር ላይ፣ የልጇን እርጥብ ዳይፐር በፕላስቲክ ቋጥራ፣ ነርሷ እስክትመዝንላት ቆማ ነው። ሌላ ሰው «አላውቅም» ብሎ ቢያልፍ ማንም አይቀየመውም። እኔ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ባሕር ማዶ ተቀምጬ የተማርኩት ይህንኑ ነበር፤ የአንጀትን ግድግዳ የሚሠሩ ሴሎች በውስጣቸው ዕቃ እንዴት እንደሚያመላልሱ።

«እያየሁት ነው» አልኳት።

«ምኑን ነው የምታየው? እኔን ነው ቆመህ የምታየው።»

እውነቷን ነበር።

ልጅቷ ሰባት ሳምንቷ ነው። ቤት ውስጥ «ጠብታ» እንላታለን፤ ስትወለድ ከመጠን በላይ ትንሽ ስለነበረች አባቷ ያወጣላት የቁልምጫ ስም ነው። በተወለደች በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ ጀመራት፤ ከዚያ ወዲያ አላቆመም። የሚወጣት ንጹሕ ውሃ ስለነበር ነርሷ መጀመሪያ ሽንት መስሏት ነበር። እናቷ ጡት ሰጠቻት፣ የቆርቆሮ ወተት ሞከሩላት፣ ኦአርኤስ በማንኪያ አጠጧት፤ የገባው ሁሉ ወዲያው ይወጣል። በሕይወት ያቆያት በደም ስሯ የሚንጠባጠበው ግሉኮስ ብቻ ነበር። መርፌው መጀመሪያ በእጇ ገባ፣ ቀጥሎ በእግሯ፣ አሁን ደግሞ በጭንቅላቷ ላይ ነበር፤ ቀጥሎ የት እንደሚገባ ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቅም።

እኔ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ለእህቴ በስልክ አንድ መልእክት እልካለሁ፤ «ዛሬስ ስንት?» እላለሁ። እሷ ስልኩን ወደ ኪሴ ሳልመልሰው ትመልሳለች፤ «አሥራ አራት»። «አሥራ ሰባት»። «እስካሁን አሥራ አንድ»። ዳይፐር ነው የምንቆጥረው። ሰባት ሳምንት አንድም መልእክቴ ሳይመለስ ቀርቶ አያውቅም። መቼ እንደምትተኛ ጠይቄያት «ስትተኛ ማን ይቆጥራል?» ነው ያለችኝ።

ከተመለስኩ ስምንት ወሬ ነው። በዚያው ሆስፒታል ግቢ ባለው የሕክምና ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ሻንጣዬ ግን ግማሹ አልተፈታም፤ የድሮው ላቦራቶሪዬ ቦታህ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቅሃል ብሎ ጽፎልኛል፤ እሺም እምቢም አላልኩም። እናታችን ለጎረቤት ሁሉ «ልጄ ዶክተር ሆኖ መጣ» ትላለች። ዶክተርስ ነኝ፤ ሰው አክሜ ግን አላውቅም። ሰባት ዓመት ያሳደግሁት ከብዙ ዘመን በፊት ከአንድ ውሻ ኩላሊት ተወስደው እስከ ዛሬ በጠርሙስ የሚባዙ ሴሎችን ነው። እህቴ ይህን የሰማች ቀን፣ ጠብታ ገና በሆዷ ሳለች፣ እስክትንፈራፈር ሳቀች። «ሰው አገር ጥሎ ሄዶ ሰው ሆኖ ይመጣል፤ ወንድሜ ሄዶ የውሻ ኩላሊት ሲቀልብ ከረመ!» አሁን አትስቅም። ቀልዱ ትዝ ይላት ይሆናል ብዬ ዓይኗን ማየት እፈራለሁ።

ኩላሊትም ይሁን አንጀት፣ የእነዚህ ሴሎች ጠባይ ተመሳሳይ ነው። እያንዳንዳቸው ላይና ታች አላቸው። የላይኛው ፊታቸው ምግቡ ወደሚያልፍበት ዞሮ እንደ ብሩሽ የጠጉር ጫካ አብቅሏል፤ የታችኛው ወደ ደሙ ዞሯል። ስኳር በላይ ገብቶ በታች ይወጣል። ስለዚህ ላይኛው ፊት የራሱ በሮች አሉት፣ ታችኛውም የራሱ። በሮቹ የሚሠሩት ግን በሴሉ ሆድ ውስጥ ነው፤ ተሠርተው በትንንሽ ከረጢቶች ይጠቀለሉና ወደየቦታቸው ይሄዳሉ። ከረጢቶቹን የሚሸከሙት ሞተር ፕሮቲን የሚባሉ ሁለት እግር ያላቸው ተሸካሚዎች ናቸው፤ በሴሉ ውስጥ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ አንድ እግር አንስተው ሌላውን እየጣሉ ይራመዳሉ። ረጅሙን መንገድ አንዱ ዓይነት ይሄዳል፤ ከጣሪያው ሥር ሲደርሱ የመጨረሻዋን ጥቂት እርምጃ ሌላው ይረከባል። እኔ ያጠናሁት ይህን የመጨረሻውን ነው። አረንጓዴ ቀለም አስይዤ ሲራመድ አይቼዋለሁ። በጀርባው ከረጢት ተሸክሞ፣ ትንሽ ሲንገዳገድ፣ አንዳንዴም ቆም ሲል፤ ከወንድሞቼ በላይ አውቀዋለሁ ብል ማጋነን አይደለም።

ይህ ተሸካሚ ከተወለደ ጀምሮ የተበላሸባቸው ልጆች አሉ። እጅግ ጥቂት ናቸው። ዕቃው ጣሪያው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ብሩሹም በቦታው መብቀል ትቶ በሴሉ ሆድ ውስጥ ይበቅላል። ልጁን ከተወለደ ጥቂት ቀን ጀምሮ ውሃ ያስቀምጠዋል፣ ምግብ ቢከለከልም አያቆምም። ይህን ከመጽሐፍ ነው የማውቀው። ከመጽሐፉም ፎቶውን አውቀዋለሁ።

የሕፃናት ሐኪሟ ወደ ቢሮዋ የጠራችኝ ለዚህ ነበር። ከእኔ ታንሳለች፤ ስትናገር እስክሪብቶዋን ትከፍታለች ትዘጋለች።

«ባለፈው ሳምንት ሃያ አራት ሰዓት ከአፍ ምንም እንዳይገባ አድርገን አየናት» አለችኝ። «ስኳር ያልተስማማት ልጅ ብትሆን ማቆም ነበረበት። አላቆመም። የምፈራው አንተ የምታውቀውን ነው።»

«ቢሆንስ?»

«ቢሆን ከአፍ መመገብ የሚባል ነገር የለም። ዕድሜዋን ሙሉ በደም ስር ነው፤ እሱን ደግሞ እኛ ጋ ከጥቂት ሳምንት በላይ ማስኬድ አንችልም።» እስክሪብቶው ተዘጋ። «ከአንጀቷ በቀጭን ቱቦ ሁለት ቅንጣት ሥጋ ወስደናል። ናሙና የሚያየው ሐኪም ስብሰባ ሄዶ እስከ ሳምንት አይመለስም። ይህን ደግሞ ከአንተ የተሻለ የሚያይ የለም።»

እንዲህ ሲባል ደስ የሚለው ሰው አለ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

የናሙና ክፍሉ ከእኔ ማስተማሪያ ክፍል ሦስት በር አልፎ ነው። ክፍሉን ለሠላሳ አንድ ዓመት የያዘችው ሰው ሁሉ «እትዬ ምላጭ» የሚላት ባለሙያ ናት። ቅንጣት ሥጋ በሰም ውስጥ ትቀብራለች፤ ሰሙ ሲደርቅ ከነሥጋው በምላጭ ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስታ ትልጠዋለች፤ ልጣጩን መስታወት ላይ አድርጋ ቀለም ታስነክራለች። ያን ቀን ግን አልነበረችም፤ ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳለች። በሯ ላይ «ነገ ጠዋት አለሁ። ማንም እንዳይነካ» የሚል ወረቀት ለጥፋለች።

ነካሁ። ነገን መጠበቅ አልቻልኩም። አንዷን ቅንጣት በወረንጦ አንስቼ ቀልጦ በሚጠብቀው ሰም ውስጥ ጨመርኳት፤ የሩዝ ፍሬ ግማሽ አትሆንም። ሰሙ ረጋ፤ ላጥሁ፤ ቀለም አስነከርሁ። ብሩሹን የሚያቀላው ቀለም ነው፤ ጤነኛ አንጀት ላይ ከሴሎቹ ጣሪያ ላይ አንድ ቀጭን ቀይ መስመር ሆኖ ይታያል።

በማይክሮስኮፑ ሳይ መስመር የለም። ሴሎቹ እንደ ማር እንጀራ ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዳቸው መሃል፣ ልክ ሆዳቸው ላይ፣ ቀይ ክብ ተቀምጧል። በዚህም ቀይ ክብ፣ በዚያም ቀይ ክብ። ብሩሹ ውስጥ በቅሏል። መጽሐፉ ላይ ያለው ፎቶ የመጣብኝ መሰለኝ።

ደግሜ አየሁ። ፎቶ አንስቼ ላቦራቶሪ አብሮኝ ለነበረ ሰው ላክሁለት፤ በአምስት ደቂቃ «ይመስላል። በጣም አዝናለሁ» ብሎ መለሰ። ለሐኪሟ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ነገ እኩለ ቀን ላይ እናቷን እኔ እነግራታለሁ» አለች። «አንተ እንዳትነግራት። ወንድም ሲነግር ይከብዳል።»

ያን ቀን መልእክቱን ዘግይቼ ነው የላክሁት። «ዛሬስ ስንት?» «አሥራ ስድስት። አገኘህ እንዴ?» «ነገ» አልኳት። «እሺ» አለች። ስልኩ ገና እጄ ላይ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ናሙና ክፍል ስገባ እትዬ ምላጭ ጉንጯ አብጦ፣ መሐረብ አገጯ ላይ አስራ፣ የእኔን የሰም ቁራጭ በሁለት ጣቷ ወደ መስኮቱ አንስታ ታያለች።

«ሌባው መጣ» አለች። በተነቀለ ጥርሷ ምክንያት ቃሉ እየሾለከ ነው የሚወጣው።

«እትዬ፣ ይቅርታ፤ የእህቴ ልጅ ናት። አላስችል ብሎኝ ነው።»

ፊቷ ለዘብ አለ፤ ድምጿ ግን አልለዘበም። «የማንም ትሁን። ማን ነው ያስተኛት?»

«ምን?»

«ይቺን ቅንጣት። ማን ነው እንዲህ በሆዷ ያስተኛት?»

«እኔ ነኛ… ሰሙ ውስጥ ጨመርኳት።»

«ጨመርኳት!» ወደ ጣሪያው ተመለከተች። «ጨው መሰለችህ? አንጀት ይቆማል እንጂ ይተኛል እንዴ? ባሕር ማዶ ይህን አያስተምሩም?»

አያስተምሩም። ቢያንስ እኔን አላስተማሩኝም። የእኔ ሴሎች ወንፊት መሰል ስስ ወረቀት ላይ ነው የሚያድጉት፤ ተዘርግተው፣ ሁሉም ጣሪያቸውን ወደ ላይ አድርገው። ሰባት ዓመት ከአናታቸው ነው ያየኋቸው። ጎናቸውን ማየት ስፈልግ አንድ ቁልፍ እጫናለሁ፤ ኮምፒውተሩ ምስሉን አዙሮ ይሰጠኛል። ሥጋ በእጄ አቁሜ አላውቅም። ለማቆም እንደሚያስፈልግ እንኳን አላሰብኩም።

«እስቲ መስታወቱን አምጣ።» አምጥቼ ሰጠኋት። ዓይኗን ሌንሱ ላይ ከሦስት ሰከንድ በላይ አላቆየችም። «እህ። ይህን አይተህ ነው ዓይንህ እንዲህ የቀላ?»

«ብሩሹ ሆዳቸው ውስጥ ነው እትዬ። እይው፤ በያንዳንዱ…»

«አንተ ሰውዬ፣ ሰገነት ላይ ወጥተህ መንገደኛውን ቁልቁል አይተህ ታውቃለህ?»

«አዎ።»

«ምኑ ይታይሃል?»

«አናቱ።»

«ፀጉሩስ?»

«መሃል ላይ…» አልኩ።

«መሃል ላይ። ታዲያ ሰዉ ሁሉ ፀጉር ሆዱ ውስጥ በቀለበት ብለህ ታለቅሳለህ?» መሐረቧን አጠበቀች። «ብሩሹ ውስጥም ሊሆን ይችላል፣ ላይም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ተኝታ ተቆርጣ ግን አንተም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ፣ ያንን በስልክ ያዘነልህም አያውቅ። ሂድና ውሃ ጠጣ። ሁለተኛዋ ቅንጣት የት አለች?»

ሰዓቱን አየሁ። ሦስት ሰዓት ነበር። እኩለ ቀን ሦስት ሰዓት ብቻ ቀርቶታል።

ሁለተኛዋን ቅንጣት አመጣሁ። እትዬ ምላጭ የወረንጦዋን ጫፍ በትንሽ እሳት አሞቀች። ቅንጣቷን ቀልጦ በሚያብረቀርቀው ሰም ውስጥ አስገብታ በአጉሊ መነጽር አየቻት፤ በቀስታ ገለበጠቻት፣ አሁንም ገለበጠቻት። «እየው፤ ይህ ጎኗ ልሙጥ ነው። ይህኛው እንደ ከፋይ ጨርቅ ጠጉር አለው፤ ይህ ነው ላይዋ። አሁን በጠርዟ ትቁም።» ያዘቻት። ሰሙ ከሥር ጀምሮ እየነጣ መርጋት ሲጀምር እጇ አልተንቀሳቀሰም። እኔ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ እሷ ስለ ጥርሷ ትነግረኛለች፤ ነቃዩ ሐኪም ልጅ እግር እንደሆነና እጁ ሲንቀጠቀጥ እሷ ራሷ «አይዞህ» እንዳለችው።

ሰሙ እስኪጠነክር፣ ልጣጩ መስታወቱ ላይ እስኪደርቅ፣ ቀለሙ እስኪይዝ ሁለት ሰዓት አለፈ። ለሐኪሟ ደውዬ «እባክሽ እንዳትነግሪያት፤ ተሳስቼ ይሆናል» አልኳት። «ይሆናል ነው ወይስ ተሳስተሃል?» አለችኝ። «ይሆናል» አልኩ። «እስከ ስድስት ሰዓት» አለችና ዘጋችው። ኮሪደሩን እየተመላለስኩ እንዴት ያለ ሞኝ እንደሆንኩ አሰብኩ። ለማየት የፈራሁትን ነገር አየሁት። የሌላ ሰው ቅንጣት ብትሆን እንዲህ ቸኩዬ ላምን ነበር? አላውቅም። ምናልባትም እቸኩል ነበር።

እትዬ ምላጭ መጀመሪያ ራሷ አየች። ከዚያ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሰው ያላስቀመጠችበትን ወንበሯን ለቀቀችልኝ። «ተቀመጥ» አለች።

ሴሎቹ ረጃጅም ሆነው ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። ሆዳቸው ንጹሕ ነው። ከጣሪያቸው ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ፣ እናታችን እንደምትቀመቅመው የቀሚስ ጠርዝ የተስተካከለ ቀጭን ቀይ መስመር ይሄዳል። ብሩሹ በቦታው ነው። ያ እኔ የማውቀው ተሸካሚ ዕቃውን አድርሷል፤ በእያንዳንዱ ሴል፣ አንድም ሳያጎድል አድርሷል።

ማልቀሴን ያወቅሁት ሌንሱ ሲደበዝዝብኝ ነው።

«በል፣ መነጽሬን አታርጥብብኝ» አለች እትዬ ምላጭ። እጇ ግን ትከሻዬ ላይ ነበር።

ሐኪሟ ሮጣ መጣች። ረጅም ጊዜ አየች። «እሰይ» አለች በትንሽ ድምፅ፤ ወዲያው ግንባሯ ተቋጠረ። «ታዲያ ምግብ ስንከለክላት ለምን አላቆመም? ይህ መስመር እውነት ከሆነ ያ ምርመራ ውሸት ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም።»

«ያን ቀን ማን ነበር አብሯት?»

«አያቷ» አለች።

እናቴን ከሕፃናት ክፍል ውጭ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አገኘኋት። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት፤ ጡረታ ብትወጣም የክር ቦርሳዋ ከጎኗ አይለይም። ለጠብታ ካልሲ እየሠራች ነበር።

«እማዬ፣ ጠብታ ምግብ የተከለከለች ቀን አንቺ ነበርሽ አይደል አብረሻት?»

«እኔ ነኛ። እህትህ ገላዋን ልትታጠብ ቤት ሄዳ። ሽታዋ አስጠልቷት።»

«ምንም አልሰጠሻትም አይደል?»

«ሐኪም ከልክሎ ምን እሰጣታለሁ!» አለችና የተጠቀለለ ክር እንደገና መጠቅለል ጀመረች። እናቴ ስትዋሽ እጇ ሥራ ያገኛል።

«እማዬ።»

«አፏን አርጥቤላታለሁ። ማርጠብ መስጠት ነው እንዴ?»

«በምን አረጠብሽላት?»

«በውሃ ነዋ።»

«በውሃ ብቻ?»

ክሩ ቆመ። «ትንሽ ስኳር ጣል አድርጌበታለሁ። በማንኪያ ጫፍ። አንተ አልነበርክም አላየሃትም! አፏን እንደ ወፍ ጫጩት ከፍታ፣ ወደ ጡቴ ስትዞር፣ እኔ ምንም የለኝ… እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ?»

«ስንት ማንኪያ ይሆናል?»

ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ከታ ከክሮቹ ሥር አንዲት ጡጦ አወጣች። «ይቺን።»

«ሙሉዋን?»

«አንዴ ነው።» ትኩር ብዬ አየኋት። «ሁለቴ» አለች። ዓይኗን እንባ ሞላው። «ሦስቴ ነው፤ ምን ታፈጥብኛለህ? ገደልኳት እንዴ? ልጄ፣ ገደልኳት?»

መሬት ላይ ተንበርክኬ ጉልበቷን አቀፍኩ፤ ሳቄ አላቆም አለኝ። መንገደኛው ሁሉ ያየናል።

«ይሄ አብዷል!» አለች እንባዋን በካልሲው እየጠረገች። «እኔ ነፍሴ ወጥቷል፣ አንተ ትስቃለህ?»

«እማዬ፣ ያልቆመው ስኳር ስለሰጠሻት ነው። ገባሽ? አያቆምም የተባለው ሊያቆም ይችል ነበር!»

ሐኪሟ በዚያው ዕለት እንደገና ከአፍ ምንም አይግባ አለች። እናቴ ከክፍሉ ታገደች፤ ቦርሳዋም በነርሷ ተፈተሸ፤ ሁለት ከረሜላ ወጣ፤ «የራሴ ነው!» ብላ ማለች። ጠብታ ከሰዓት በኋላውን አለቀሰች፣ ደከማት፣ ተኛች። በማግስቱ ጠዋት ስገባ እህቴ አልጋው አጠገብ ቆማ አንድ ዳይፐር በሁለት እጇ ይዛለች። ለነርሷ አልሰጠችውም። ለእኔ ዘረጋችልኝ።

«ንካው» አለችኝ።

ነካሁት። ከፊት ካለችው ትንሽ ሽንት በቀር ደረቅ ነበር።

«ከሌሊት ጀምሮ ነው» አለች። «ሦስቴ ቀየርኳት፤ ሦስቱም እንዲህ ነው። በከንቱ ነው የቀየርኩት።» ዳይፐሩን ጉንጯ ላይ አስጠግታ ቆየች። እኔና ነርሷ ወደ መስኮቱ ዞርን።

የቀረው የሐኪሟ ሥራ ነበር። ጡትም፣ የቆርቆሮ ወተትም፣ ኦአርኤስም በውስጣቸው ያለው ስኳር በመጨረሻ በአንድ በር ነው የሚገባው፤ የጠብታ ያ በር የለም። ከፍራፍሬ የሚገኘው የስኳር ዓይነት ግን በሌላ በር ይገባል። ስለዚህ ምንም ስኳር የሌለበት የዱቄት ወተት ተፈልጎ ያ የፍሬ ስኳር እየተመዘነ ሊጨመርበት ነው። ዱቄቱ እኛ ከተማ አልተገኘም። የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው የጠብታ አባት በመንገዱ ላይ ካለ ሌላ ከተማ አንድ ካርቶን አግኝቶ በሦስተኛው ቀን ደረሰ። ጢሙ አድጎ፣ ሸሚዙ በላብ ተጣብቆ፣ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፎ ነው ወደ ክፍሉ የገባው።

«ጭነቱ ከኋላ ነው» አለ። «ይቺ ግን ጋቢና ነው የመጣችው። ቀበቶ አስሬላት።»

እህቴ ያን ቀን ጠዋት የጡቷን ወተት በእቃ አልባ ይዛ ነበር። ዱቄቱ ሲበጠበጥ እያየች እቃውን ወደ እኔ አስጠጋች። «ይሄ ነው ሲያሳምማት የከረመው? እኔ ነኝ?»

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር፤ ስፈራውም። «አይደለም» አልኳት። «ወተትሽ ምንም የለበትም። ኮሪደር ላይ ምኑ ነው እምቢ ያለው አላልሽኝም? አንዲት በር ናት። ሴሎቿ ጤነኞች ናቸው፣ ተሸካሚዎቹም ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ብሩሹም አለ። ስኳሩ የሚገባባት አንዲት በር ብቻ ቦታዋ ላይ የለችም። ስኳሩ ሳይገባ ሲቀር ውሃውን ይዞት ይወርዳል።»

«ለምን የለችም?»

«ተበላሽታ ተሠርታ ይሆናል። ወይ ተሠርታ ሳትጫን ቀርታ መንገድ ላይ ይሆናል። ይህን አላውቅም።»

ወደ ተሰቀለው ከረጢት በአገጯ አመለከተች። «ያ ግሉኮስ አይደለም እንዴ? እሱስ?»

«እሱ በጓሮ ነው የሚገባው። ቀጥታ ወደ ደም። በበሩ አያልፍም።»

«ስለዚህ የውሻው ኩላሊት ለዚህ ጠቀመ?»

«የጠቀመው የእትዬ ምላጭ እጅ ነው» አልኳት። «የውሻው ኩላሊትማ ሊገድለኝ ነበር።»

ከሰባት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ስትስቅ ወተቱ እቃው ውስጥ ተናጠ።

ጠብታ የመጀመሪያዋን ጡጦ ተጣድፋ ጠጣችው። ሁላችንም ዳይፐሯን ከበብን፤ አባቷ፣ እናቴ፣ ነርሷ፣ እኔ። ማታ ድረስ ከሽንት በቀር ምንም። በማግስቱ ጠዋት አንድ ነገር ወጣ፤ ወፍራም፣ ቢጫ፣ ውሃ ያልሆነ። እናቴ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ነርሷ በእጇ ከደነችላት፤ አጠገባችን የታመሙ ልጆች ነበሩ። አባቷ ፎቶ አንስቶ ለሹፌር ጓደኞቹ ላከው። ምን ብለው እንደመለሱለት አልነገረንም።

እኔ ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከማስተማሬ በፊት እትዬ ምላጭ ክፍል እገባለሁ። ቅንጣት ማቆም እየተማርኩ ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ይወድቁብኛል፤ «ጨው በታኙ» ትለኛለች። ላቦራቶሪው የሰጠኝ ቀን ሊያልቅ አራት ቀን ይቀረዋል። ሻንጣዬ አሁንም ግማሹ አልተፈታም። ይህ ለምን እንዳላስጨነቀኝ ራሴም አልገባኝም።

ጠብታ ወደ ቤት በገባች በሁለተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ ስሙ ያልተጻፈበት የሰም ቁራጭ እጄ ላይ ይዤ፣ ከልማዴ የተነሳ ስልኬን አውጥቼ ለእህቴ ጻፍኩላት። ስልኩን ወደ ኪሴ ሳልመልስ ጠበቅሁ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። ሁለት ሰዓት አለፈ። ልቤ አንዴ ደንገጥ ብሎ ወደ እናቴ ደወልኩ።

«ቀስ በል» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሁለቱም ተኝተዋል። እናትየዋ ከጠዋት ጀምሮ አፏን ከፍታ ነው የተኛችው። ምን ነበር?»

«ምንም» አልኩ።

በማግስቱም በሦስተኛውም ቀን ተያየን፣ ብዙ ነገር አወራን፤ ስለ መልእክቱ ግን አላነሳችውም፤ አልመለሰችውምም። እስከ ዛሬ ስልኬ ላይ፣ ከቁጥሮቹ ሁሉ በታች፣ ብቻውን አለ፤ «ዛሬስ ስንት?»